መርፌ በዓይን፣ ሽማግሌ በባቡር

የወጥ ቤታችን በር ጠመመ።

ማጋነኔ አይደለም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሻይ ልጥድ ስገባ የበሩ መቃን ከወገቡ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ቁርጠት እንደያዘው ሰው ጎብጦ ጠበቀኝ። ቤታችን አምስተርዳም ኖርድ፣ ከውሃው ማዶ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በዚህ ከተማ ደግሞ መጥመም ብርቅ አይደለም። ወደ መሃል ከተማ ብትሻገሩ የድሮዎቹ ቤቶች ከመሸታ ቤት አብረው እንደወጡ ጓደኛሞች ተደጋግፈው ነው የቆሙት፤ ከሩቅ አገር የመጣ ቱሪስትም ተጋፍቶ ፎቶ ያነሳቸዋል። ስለዚህ «ተራው ለኛም ደረሰ» አልኩና ሻዬን ጠጣሁ።

በሳምንቱ የመታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ እንደ ሐይቅ መሞገድ ጀመረ። ቀጥሎ ደጃችን ያለው የመብራት ምሰሶ ዳሌውን ወጣ አድርጎ ቆመ። እኔ የምሠራው በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው፤ አንሶላ አጣጥፋለሁ። ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ነው፤ ጠርዝ ከጠርዝ ካልገጠመ አልጋው ላይ ሲነጠፍ ያሳፍራል። አለቃዬ አንድ ቀን መጥታ «ሰሞኑን ጠርዙ እምቢ አለህ እንዴ?» ብትለኝ «አዲሱ ጨርቅ ጥራት የለውም» ብዬ ድርቅ አልኩ። ጨርቁን ወነጀልኩ፣ በሩን ወነጀልኩ፣ የመብራት ምሰሶውን ያቆመውን መሐንዲስ ወነጀልኩ። ዓይኔን ግን ለደቂቃ እንኳ አልጠረጠርኩም። ሃምሳ ሰባት ዓመት ሙሉ አብሮኝ የኖረ ዓይን እንዴት ብዬ ልጠርጥረው?

በመጨረሻ ለቤት አከራዩ ድርጅት ደወልኩ።

«በራችን ጠሟል» አልኳት ስልኩን ላነሳችው ልጅ።

«ይከፈታል?»

«ይከፈታል።»

«ይዘጋል?»

«ይዘጋል።»

«ታዲያ ምኑ ነው የጠመመው?»

«መልኩ።»

ለሕፃን በሚነገርበት ድምፅ «ሰው እንልካለን» አለችኝ።

የተላከው ጸጉሩ የሸበተ፣ እርጋታው የሚያስተኛ ሱሪናማዊ ጠጋኝ ነበር። ከሣጥኑ ውስጥ ውሃ ልኩን አወጣና መቃኑ ላይ አስደገፈው። «ተመልከት» አለኝ፣ «አረፋዋ መሃል ላይ ናት። ይሄ በር ከኔም ካንተም የቀና ነው።»

ቀረብ ብዬ አየሁ። ውሃ ልኩም ጠሟል!

«ወንድሜ፣ ውሃ ልክህን ቀይር» አልኩት በአዘኔታ።

ሰውየው ውሃ ልኩን አየ፣ በሩን አየ፣ ከዚያ እኔን ረጅም ጊዜ አየኝ። «እስቲ ቀኝ ዓይንህን ጨፍን» አለኝ። ጨፈንኩ። በሩ ጭጋግ ውስጥ ገባ፤ ግን ቀጥ አለ። ቀኙን ስከፍትና ግራውን ስጨፍን ጭጋጉ ሄደ፤ በሩም ተመልሶ ጎበጠ።

ግራ ዓይኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ደካማ ነው። የዚህ አገር ሰዎች እንዲህ ያለውን ዓይን «ሰነፍ ዓይን» ይሉታል። እኔ ሁለት ሥራ ደርቤ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሰነፍ ተብዬ የማውቀው በዓይኔ ብቻ ነው። ያን ቀን ግን እውነቱን የተናገረው ሰነፉ ሆነ፤ ሙሉ ዕድሜዬን የተማመንኩበት ጎበዙ ዓይኔ ለካ ሲዋሸኝ ነው የከረመው። ጠጋኙ ወረቀቱን አውጥቶ የሆነ ነገር ጻፈና አስፈረመኝ። ከሄደ በኋላ በሰነፉ ዓይኔ እየታገልኩ አነበብኩት፤ «በሩ ጤነኛ ነው። ተከራዩ ሐኪም ዘንድ ይሂድ» ይላል።

እዚህ ላይ ስለ ሚስቴ መናገር አለብኝ። ውቢት በሽተኛና ሽማግሌ በየቤቱ የምትንከባከብ ናት። ዝናብ ቢሆን ውርጭ፣ በብስክሌቷ ከደጅ ደጅ እየዞረች ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ኪኒን ታስውጣለች፣ ዓይን ላይ ጠብታ ታንጠባጥባለች። በኖርድ ውስጥ ዕድሜው ከሰማንያ በላይ የሆነ ዓይን ሁሉ በእጇ ያለፈ ነው ማለት ይቻላል። እንግዲህ በዓለም ላይ ካሉት ሰዎች ሁሉ መጀመሪያ መስማት የነበረባት እሷ ነበረች። አልነገርኳትም። «ሲደክማት ውላ ገብታ ሌላ በሽተኛ እንዳይጠብቃት ብዬ ነው» እል ነበር ለራሴ፣ ደግ ባል መስዬ። እውነቱን ልናገር ከተባለ ግን ፈርቼ ነው። ለእሷ ከነገርኳት በሽታው በሽታ ሊሆን ነው፤ ካልነገርኳት የበር ጉዳይ ሆኖ ይቀራል።

የቤተሰብ ሐኪሜ ወደ ዓይን ክሊኒክ ላከኝ። የክሊኒኳ ዶክተር ወጣት ሴት ናት፤ ድምፅዋ ለስላሳ፣ ዜናዋ ግን ሻካራ። አገጬን ማሽን ላይ አስደግፋ የዓይኔን የውስጥ ፎቶ አነሳችና በስክሪን አሳየችኝ። እኔ ዓይን ውስጡ ውሃ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ድርብርብ መሬት ነው። መሃሉ ላይ ደግሞ ጉብ ያለ ኮረብታ ቆሟል።

«ሬቲናህ አብጧል» አለችኝ። «ዓይንህ ውስጥ ብግነት አለ።»

ብግነት! ዓይኔ በግኖ ነው ለካ። በማን ይሆን የበገነው? እኔ እስከማውቀው ክፉ ነገር አላሳየሁትም፤ ምናልባት የማታ ዜና ካልሆነ በቀር።

«ብግነቱን የሚያበርድ መድኃኒት አለ» ብላ ቀጠለች። «ከክር የምትቀጥን ቁራጭ ናት። ዓይን ውስጥ በመርፌ እናስገባታለን፤ ለወራት ቀስ እያለች ትሟሟለች።»

እኔም በትሕትና የግራ እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

«ዓይን ውስጥ ነው ያልኩት» አለችኝ።

«ገብቶኛል፤ የዓይን መድኃኒት ነው» አልኩና እጅጌዬን እስከ ትከሻዬ ጠቀለልኩት። ቋንቋው ጠፍቶኝ እንዳይመስላችሁ፤ ቃሉን አንድ በአንድ ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ነው አላስገባም ብሎ በር ላይ ያቆመው። ዶክተሯ እርሳስ አንስታ ዓይን ሣለች፤ ቀጥሎ መርፌ ሣለች፤ መርፌውን ዓይኑ ውስጥ ከተተችው። እጅጌዬን ቀስ ብዬ መለስኩ።

«ካልተወጋሁስ?»

«እብጠቱ እንዲህ ከቆየ መሃል ያለውን ነገር ጨርሶ ላታይ ትችላለህ። ማንበብ፣ የሰው ፊት መለየት… ግራው ደካማ ስለሆነ በዋናነት ያለህ ይሄ ዓይን ነው።»

ቀጠሮ ያዝኩ። ለውቢትም «በዚያን ቀን የሥራ ስብሰባ አለኝ» አልኳት። አንሶላ የሚያጥፍ ሰው ምን ስብሰባ እንዳለው አልጠየቀችኝም፤ ባልጠየቀችኝ መጠን ጸጸተኝ።

የቀጠሮው ቀን ነርሷ የዓይን ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ በሁለቱም ዓይኖቼ ጨምራ መጠበቂያ ክፍል አስቀመጠችኝ። ጠብታው ሲሠራ ነገሩ ሁሉ ቀስ በቀስ ጠርዙን እየጣለ ሄደ። ወንበሮቹ ደበዘዙ፣ ሰዎቹ ለሰለሱ፣ መስኮቱ ወተት ሆነ። ደስ የሚል ዓለም ነበር። ከዚያ የውስጠኛው በር ተከፍቶ አንድ ግዙፍ ሰው ዓይኑ ላይ የፕላስቲክ ክዳን ተለጥፎበት ወጣ። «ቀላል ነው» አለኝ በፈገግታ። ቀላል ነው ያለበት ድምፅ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» አልኩ። ሽንት ቤቱ በግራ ነበር። እኔ በቀኝ ወጣሁ።

ውጪ ፀሐይ ነበር። ብሌኑ በጠብታ ለተበረገደ ዓይን ፀሐይ ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። መንገዱ ነጭ፣ ሰማዩ ነጭ፣ ብስክሌተኞቹ ከብርሃን ወጥተው ወደ ብርሃን የሚገቡ ጥላዎች ነበሩ። እያንዳንዱ መኪና የፀሐይ ቁራጭ ጭኖ ያልፋል። እጄን ግንባሬ ላይ አድርጌ፣ የሚንጫጫውን ሕዝብ ተከትዬ ወደ አምስተርዳም ዙይድ ጣቢያ ገባሁ። ከዚያ ሜትሮ ስይዝ ቀጥታ ኖርድ ያደርሰኛል፤ በየሳምንቱ የምሄድበት መንገድ ነው። ሰሌዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ስላልቻልኩ እግሬን አመንኩት። እግሬ ደግሞ ብዙ ሰው ወደሄደበት ሄደ።

ወንበሩ ከወትሮው ይልቅ ምቹ ነበር። «ሜትሮውን አሳምረውታል» ብዬ አመሰገንኩ። ጥቂት እንደሄድን መሬት ውስጥ ገባን፤ ጨለም አለ፤ ከውሃው ሥር እየተሻገርን ነው ብዬ ተጽናናሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ። እንቅልፍ ይሁን ሌላ ነገር አላውቅም፤ አንድ ማለቂያ የሌለው ነጭ አንሶላ ሳጣጥፍ፣ ባጠፍኩት ቁጥር ሲዘረጋ፣ ማዶ ጫፉን የያዘልኝ ሰው ማን እንደሆነ ልለይ ስሞክር ቆየሁ። ስነቃ ሜዳ ላይ ነበርን። አረንጓዴ ሜዳ በአረንጓዴ ሜዳ ላይ፤ በመሃሉ የውሃ ቦዮች የብርሃን መቀነት መስለው ተዘርግተዋል፤ ላሞቹ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብለው የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። «ኖርድ መቼ ነው እንዲህ የተለወጠው?» ብዬ አሰብኩ። መደንገጥ ነበረብኝ፤ ግን ውብ ስለነበር ማየቴን ቀጠልኩ።

ስወርድ የጣቢያው ጣሪያ ሰማይ ጠቀስ ሆኖ ጠበቀኝ። ወደ አደባባዩ ወጣሁ። ዙሪያውን የቆሙት የመስታወት ሕንፃዎች ከላይ በኩል ብርሃን ውስጥ ቀልጠው አልቀዋል፤ እግር እንጂ ራስ የላቸውም። የድንጋይ መቀመጫ በእጄ ዳስሼ ተቀመጥኩና ጮክ ብዬ፣ በአማርኛ፣ ለማንም ሳይሆን «ኧረ የት ነው ያለሁት?» አልኩ።

«ሮተርዳም ነህ» አለኝ አንድ ድምፅ፣ በአማርኛ።

ስቀልድ አይደለም፣ መልአክ ነው ብዬ ነበር። ቀና ስል ደግሞ እውነትም ከራስ እስከ ወገቡ የሚያበራ ነገር ፊቴ ቆሟል። መላእክት የሚያንጸባርቅ የሥራ ሰደርያ እንደሚለብሱ ግን አላውቅም ነበር። ወይዘሮ ከድጃ ትባላለች፤ የደሴ ልጅ ናት፤ የፖስታ ዕቃ በሚደለደልበት መጋዘን ሠርታ ወደ ቤቷ ስትገባ ነው የሰማችኝ። ሜትሮ ብዬ የሌላ ከተማ ባቡር መሳፈሬ ያን ጊዜ ገባኝ። ሻርፗን አስተካክላ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አሞህ ነው እንዴ ወንድሜ?»

«ዓይኔን ሊወጉኝ ሲሉ አምልጬ ነው።»

«ኧረ በአላህ! እነማን?»

«ሐኪሞች።»

«ሊያድኑህ ነው ሊያጠፉህ?»

«ሊያድኑኝ።»

«ታዲያ ከሚያድን ሰው ይሸሻል? አብሽር፣ ምንም አይደል። ቤት ማን አለህ?»

ስልኬን ሰጠኋት፤ እኔ ማንበብ አልቻልኩም። «ውቢት የምትል አሥራ አንድ ጊዜ ደውላልሃለች» አለችኝ። ለካ ክሊኒኩ በሽተኛው ሽንት ቤት ገብቶ አልወጣም ብሎ፣ በሩን አንኳኩቶ፣ አስከፍቶ፣ ባዶ ሆኖ ሲያገኘው መዝገብ ላይ ወዳለው የሚስቴ ቁጥር ደውሏል።

«የት ነህ?» አለች ውቢት።

«ሮተርዳም።»

«ስብሰባው ሮተርዳም ነው?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«ከዚያ ቦታ እንዳትንቀሳቀስ። ስልኩን ለሴትየዋ ስጣት።»

ሁለቱ ስለ እኔ እኔ እንደሌለሁ ሆነው ተነጋገሩ። ወይዘሮ ከድጃ ውቢት እስክትመጣ አብራኝ ተቀመጠች፤ ከቦርሳዋ ዳቦ በእንቁላል አውጥታ ከፍላ ሰጠችኝ፤ በዓይኔ እንዳላፍር ነው መሰለኝ የመጋዘኑን ወሬ፣ የጉልበቷን ሕመም፣ የልጇን የሠርግ ጣጣ አወራችኝ። እኔ ብርሃኑን እያየሁ አዳመጥኩ። ቆይቶ ከነጩ ጭጋግ ውስጥ አንድ ጥላ ወደ እኛ መጣ። ፊት አልነበረውም። አረማመዱን ግን ከሺህ ሰው መሃል አውቀዋለሁ፤ ተረከዟን መሬት ሳታስነካ የምትሄደው ስትናደድ ነው።

ቁጣ ጠብቄ ነበር። ቀስ ብላ አጠገቤ ተቀመጠችና «የሰው ዓይን ሁሉ ሳጥብ እየዋልኩ፣ የባሌን ዓይን ከስልክ እሰማለሁ?» አለች። ከዚያ አፍንጫዋን ሳበች። ዓይኔ ስላላየ ብቻ ማልቀሷን እንዳላወቅኩ ተደረገ።

ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ውቢት አብራኝ መጣች። ከሽንት ቤት በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ሕክምና ክፍል ስንገባም ነርሷ «ከፈለግሽ ውጭ ተቀመጪ» ስትላት ቅር ብሏት «እኔ ራሴ የሙያው ሰው ነኝ» አለችና ራስጌዬ ቆመች።

ተጋደምኩ። የሚያደነዝዝ ጠብታ፣ ከዚያ ቢጫ ማጽጃ፣ ከዚያ መሃሉ ቀዳዳ ያለው ሰማያዊ ጨርቅ ፊቴን ሸፈነኝ። በቀዳዳዋ በኩል የሚታየኝ አንድ መብራት ብቻ ነበር፤ በውሃ ውስጥ ሆኜ ጨረቃን የማይ መሰለኝ። የዓይኔን ቆብ የምትከፍት ትንሽ ሽቦ አስገቡልኝ፤ ማርገብገብ ቀረ። ዶክተሯ «ወደ ላይ ወደ ግራ ተመልከት። አሁን ጠቅ የሚል ድምፅ ትሰማለህ» አለችኝ።

ጠቅ ነው ያለችኝ። የሰማሁት ግን ዷ! የሚል ነበር። ዓይኔ የፈነዳ መሰለኝ።

«ምንድን ነው? ምንድን ነው?»

«አትንቀሳቀስ!»

እግሮች ሮጡ። ብረት ነገር ተንከባለለ። «ውቢት?» አልኩ። መልስ የለም። አንገቴን ማዞር አልችልም፣ ዓይኔን መጨፈን አልችልም፤ ያለኝ ጨረቃዋ ብቻ ናት። ያን ጊዜ ስለ መርፌ የነበረኝ ፍርሃት ወዴት እንደሄደ አላውቅም። ሃያ ስድስት ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት ወለል ላይ ወድቃለች፤ እኔ ደግሞ ሰማያዊ ጨርቅ ሥር ሆኜ ጨረቃ አያለሁ።

«ትተነፍሳለች?»

«ትተነፍሳለች፤ ራሷን ስታ ነው፣ አሁን ትነቃለች» አለች ነርሷ። «አንተ ብቻ ጸጥ በል።»

ጸጥ አልኩ። ትንፋሼን ይዤ የእሷን ትንፋሽ ፈለግኩ። ክፍሉ ሁሉ ራቀ፤ መብራቱ ቀስ ብሎ የሚወዛወዝ መሰለኝ። ከወለሉ በኩል አንዲት ደካማ ድምፅ በአማርኛ «ደህና ነኝ… ይጨርሱልህ» አለች። ከእኔ በቀር የገባው አልነበረም።

«ጨርሱ ትላለች» ብዬ ተረጎምኩ።

«ጨርሻለሁ እኮ» አለች ዶክተሯ።

«መቼ?»

«የሚስትህን ትንፋሽ ስታዳምጥ።»

ከክሊኒኩ አወጣጣችን ይህን ይመስል ነበር፦ በሽተኛው እኔ ነኝ፤ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ጭማቂ ይዛ የተቀመጠችው እሷ ናት። ስትወድቅ የዕቃ ጋሪው ጠርዝ ግንባሯን ስላገኛት ጉብ ብሎ ፕላስተር ተለጥፎበታል። እኔ ቀኝ ዓይኔ ላይ የፕላስቲክ ክዳን አለ፤ በሰነፉ ዓይኔ እየመራሁ ገፋኋት። ሁለት በርና አንድ የአበባ ማሰሮ መታሁ። «ቀስ!» ትላለች። «እየሠራ ያለው ሰነፉ ነው፣ ታገሺው» እላለሁ።

ከመሬት ሥር በሜትሮ መሄድ ያጥወለውለኛል ስላለች ከመሃል ከተማው ትልቅ ጣቢያ ጀርባ ወደ ኖርድ የሚያሻግረውን ጀልባ ያዝን። ነፋሱ ቀዝቃዛ ነበር። በክዳኑ ትንንሽ ቀዳዳዎች ውሃው ብርና ወርቅ ሆኖ ይፈሳል፤ በዓይኔ ውስጥ ደግሞ አንዲት ቀጭን ጥላ፣ ከክር የምትቀጥነዋ መድኃኒት መሆኗ ነው፣ ዓይኔን ሳንቀሳቅስ ተከትላኝ ትዋኛለች። ወዲያ ስላት ወዲያ፤ ወዲህ ስላት ወዲህ። ውቢት ትከሻዬ ላይ ተደግፋ «አደራህን፣ ራሴን መሳቴን ለማንም እንዳትናገር» አለችኝ። «ሥራ ቦታ ከተሰማ ምን ይሉኛል? የዓይን ጠብታ እየጨመረች የምትወድቅ ሊሉኝ ነው።»

«አልናገርም» አልኳት።

ቃሌን ሳልጨርስ አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እህት ብስክሌቷን እየገፋች አጠገባችን ደረሰች። የእኔን ዓይን አየች፤ የውቢትን ግንባር አየች። «በስመ አብ! ምን ሆናችሁ?»

«መርፌ ነው» አልኩ እኔ።

«ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» አለች ውቢት።

ሁለታችንም እኩል ነው የተናገርነው። እህታችን ወደ እሷም ወደ እኔም ደጋግማ ተመለከተች፤ «እግዚአብሔር ያስታርቃችሁ» ብላም ጀልባው ማዶ ሲደርስ ወረደች።

በማግስቱ ክዳኑን ሳነሳ የዓይኔ ነጭ ክፍል ደም ለብሷል። ይሄ የሚያጋጥም ነው፣ በሁለት ሳምንት ይጠራል ብለውኛል፤ ሲያዩት ግን ያስፈራል። ማክሰኞ አንድ ጓደኛዬ ከቢልመር ሰፈር ደውሎ «እውነት በጭልፋ ነው የመታችህ?» አለኝ። ረቡዕ ከሮተርዳም ሌላ ተደወለ፤ ጭልፋው መጥበሻ ሆኗል። ሐሙስ እኛ ሄግ የምንላት ዴን ሃግ ሲደርስ ታሪኩ ተገልብጦ እኔ ሚስቴን በቴስታ መትቼ የገዛ ዓይኔን አበላሽቻለሁ። በዓይን ቴስታ የሚማታ ሰው እንዴት ያለ ሰው ነው? ማንም አልጠየቀም።

በሁለተኛው ቅዳሜ የደጃችን ደወል ተጫነ። ሁለት ሽማግሌዎች ከዴን ሃግ በባቡር መጡ። አንደኛው ጋሽ መኩሪያ ናቸው፤ የአገር ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው፣ እዚያ አንድ ትልቅ ፍርድ ቤት በር ላይ ለብዙ ዓመት በጥበቃ ሠርተው ጡረታ የወጡ። ከዳኞች ጋር ስለዋሉ ነው መሰለኝ ሰላምታ ሲሰጡ እንኳ ውሳኔ የሚያነቡ ይመስላሉ። ሁለተኛው አቶ ታደሰ ናቸው፤ ጋሽ መኩሪያን ክንዳቸውን ይዘው ነው የገቡት፤ ከዚያ በኋላ ያቀረብነውን ዳቦ ከመብላት ሌላ ብዙም አልተናገሩም።

«በባልና በሚስት መሃል» አሉ ጋሽ መኩሪያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እጅ ሲነሳ…»

«ጋሼ፣ እጅ አልተነሳም» አልኩ። «ዓይኔ አብጦ ሐኪም መርፌ ወግቶኝ ነው።»

«የት?»

«ዓይኔ ውስጥ።»

«ልጄ» አሉ፣ «ሰባ አንድ ዓመት ስኖር መርፌ ክንድ ወይም መቀመጫ ላይ ሲወጋ ነው የማውቀው። ሽማግሌ ፊት ስትዋሽ እንኳ የሚመስል ነገር ዋሽ።»

አቶ ታደሰ ዳቧቸውን እያኘኩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሺ እሱ ዓይኑ በመርፌ ነው» ብለው ወደ ውቢት ዞሩ። «ያንቺስ ግንባር?»

ውቢት ወደ እኔ ተመለከተች። አልተናገርኩም፤ አደራ አለብኝ። አንገቷን ደፋችና «እሱ ሲወጋ አይቼ ራሴን ስቼ ነው ጋሼ» አለች። «አፍሬ ነው የዋሸሁት። የምኖርበት ሥራ ነው፤ ብርቱ ናት ነው የምባለው። እሱ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ዓይኑን ደብቆኝ ኖረ። ቤት ውስጥ ከዕቃ ጋር ሲጋጭ ሰምቻለሁ፤ ሻይ ከብርጭቆው ውጭ ሲቀዳ አይቻለሁ፤ ይነግረኛል ብዬ ጠበቅኩ። ሳይነግረኝ ቢታወርስ?»

እኔ እንደማታውቅ ነበር የማውቀው። ሁለት ወር ሙሉ አወቀችም፣ ጠበቀችም። ወለሉን ተመለከትኩ፤ ደህና ቀጥ ያለ ወለል ነበር፣ መድኃኒቷ ሥራ ጀምራ ነበርና። በኋላ በተነሳው ፎቶ ላይም ኮረብታው ሜዳ ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ያን ጊዜ ግን ስለ ኮረብታ አላሰብኩም።

«ጥፋቴ ነው» አልኩ። «ፈርቼ ነው። አንቺን አይደለም፤ እንዳትፈሪ ፈርቼ ነው።»

ጋሽ መኩሪያ ያልተደረገ ጠብ ሊያስታርቁ መጥተው የተደረገ ነገር አገኙ። ተነሱ፤ ተነሳን። እኔ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ እሷም ጠየቀች፤ ተሳሳምን። መረቁን። አቶ ታደሰ «አሜን» አሉ፤ ረጅሙ ንግግራቸው እሱ ነበር።

ልሸኛቸው እስከ ሊፍቱ ወጣሁ። ጋሽ መኩሪያ አቶ ታደሰን «አንተ ቀድመህ ውረድ» አሏቸውና በሁለት እጃቸው ክንዴን ያዙ። ድምፃቸው የዳኛ መሆኑ ቀረ።

«ያ መርፌ ያልከው… እውነት ነው?»

«እውነት ነው ጋሼ።»

«ያማል?»

«የፈራሁትን ያህል አላመመኝም።»

ወደ ኮሪደሩ መስኮት ዞሩ። ማዶ ውሃው በከሰዓት ፀሐይ ላይ ተኝቷል። «እኔ መሃሉ ነው የጠፋኝ» አሉ። «የሰው ጆሮውን አያለሁ፣ ትከሻውን አያለሁ፤ ፊቱ ያለበት ቦታ ላይ ጭስ አለ። ከፋሲካ ወዲህ ነው። ታደሰ ነው የባቡር ሰሌዳ የሚያነብልኝ፤ እሱም መነጽር የረሳሁ ነው የሚመስለው። ለልጆቼ ብነግራቸው ብቻህን አትውጣ ይሉኛል፤ እነሱ እንደሆነ እንደዚህ አገር ልጅ አንተ ነው የሚሉኝ።» ክንዴን ጠበቅ አደረጉት። «ዛሬ ያንተን ዓይን አላየሁም። የእሷንም ግንባር አላየሁም። ሰው የነገረኝን ይዤ ነው የፈረድኩባችሁ።»

እጄን በእጃቸው ላይ ደርቤ ቆምኩ። ውቢት በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታ ኖሯል።

«ሰኞ ጠዋት እኔ ራሴ ለሐኪምዎ እደውላለሁ» አለች። «ልጆችዎም ይሰማሉ፤ እኔ እነግርልዎታለሁ። የሚያስፈልገው መርፌም ይሁን ሌላ፣ ሐኪሙ አይቶ ይወስናል። እኛም አብረንዎት እንመጣለን።»

«ሁለታችሁም?»

«ሁለታችንም።»

ጋሽ መኩሪያ ሊፍቱ ውስጥ ገቡ። ዞረው ወደ ድምፃችን ተመለከቱ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ የዳኛው ድምፅም ተመለሰ።

«አንተ ገብተህ እጄን ትይዛለህ» አሉ። «እሷ ውጭ ትጠብቃለች።»

ሊፍቱም ተዘጋ።